ቀለህና ልኩ

ለመሆኑ ተተኩሶ የወደቀ ቀለህ ምን ይረባል? የከተማ ልጅ ቢያገኘው ያፏጭበታል። ሲማዳ የነበሩት አያቴ ግን አንዲት ቀለህ ከመሬት ሳያነሱ አያልፉም ነበር።

ስስት እንዳይመስላችሁ። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ስሙ የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው። ፈረንሳይ በ1874 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሠራዊቷን ያስታጠቀችበት፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይም በብዙ ኢትዮጵያዊ እጅ የነበረ ባለ 11 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ነው። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብ ምትክ ገበያ ይውል ነበር። ባሩድ የሚወቅጥ፣ እርሳስ የሚያቀልጥ አገር ውስጥ አይጠፋም፤ የናሱ ቀለህ ግን ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ታዲያ እሱን መጣል ብር መጣል አይደለም ትላላችሁ?

ችግሩ ናስ ሲተኮስ ማበጡ ነው። ጥይቱ ያደረበትን የጠመንጃ ክፍል መልክ ይይዝና ሌላ ጠመንጃ ውስጥ አልገባም ይላል። በውጭ አገር ጥይት መልሰው የሚሞሉ ሰዎች ለዚህ ማጥበቂያ ብረት አላቸው። ቀለሁ በብረቱ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። ጭምቀቱ ካነሰ የጠመንጃው መዝጊያ አይዘጋም። ከበዛ ደግሞ የቀለሁ ትከሻ ወደ ኋላ ይሸሽና ክፍተት ይተዋል፤ በተተኮሰ ቁጥር ናሱ ወደዚያ ይለጠጣል፤ ከቂጡ ከፍ ብሎ ይሳሳና አንድ ቀን ተኳሹ ዓይን ሥር ይበጠሳል። ስለዚህ አዋቂው ብረቱን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል፤ ቀለሁንም በገዛ ጠመንጃው እየሞከረ ልኩ ላይ ሲደርስ ያቆማል።

አያቴ ይህን ብረት አላዩም። እሳቸው የየጠመንጃውን ቀለህ በየስልቻው ይለዩ ነበር። አንዱ ስልቻ የራሳቸው፣ ሌላው በድንበር ጠብ የተገደሉት የታናሽ ወንድማቸው ነው። ነገሩ በሽማግሌ አልቋል፤ ደም ደርቋል፤ የሟች ጠመንጃም ተሸጧል። አጎቴ ግን አላረፈም። ስልቻውን እያየ «አባባ፣ ይሄን አስሞላው?» ይላቸዋል። ማን ላይ ሊተኩሰው እንደፈለገ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

አያቴም «ይህ ናስ የሚገባው በሟች ጠመንጃ ነው፤ ጠመንጃው የለም፤ አርፈህ ተቀመጥ» ይሉታል።

ቀለህ ወደ ልኩ የሚመለስበት ብረት መኖሩን ካወቅሁ በኋላ ነገሩን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። አያቴ ቢያውቁትም ለአጎቴ የሚነግሩት አይመስለኝም። እሳቸው ለመመለስ የደከሙት የልጃቸውን ልብ እንጂ ናሱን አልነበረም። አጎቴ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ የሟች ቀለህም ሳይሞላ እናቴ ዘንድ ተቀምጧል።