ክንዴን የደበቅሁበት ዓመት

ውድ የኡልፓን ጓደኞቼ፣

ሞራችን ለጋዜጣችን እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ነገር ጻፉ ባለችን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዘመድ ናፍቆት ጽፋችኋል። እኔ ግን እስከ አሁን ለብዙ ሰው ያልተናገርሁትን ልጽፍ ነው። ባለፈው ዓመት የጡት ካንሰር ታምሜ ነበር። ሐኪም ቤት ገብቼ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። የቀኝ ጡቴንና ከብብቴ ሥር ያሉትን ዕጢዎች አወጡልኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ይቺ ሴትዮ ኮርታለች፤ እንጀራ እንኳ አብራን አትጋግርም» ትሉ እንደ ነበር ሰምቻለሁ። አልቀየምም። ደብቄው ከየት ታውቁታላችሁ? እኛ ዘንድ የዚህ በሽታ ስም አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ነው የሚባለው። እኔም ስሙን ብጠራው ይመለስብኛል፣ ሰው ቢሰማ ልጄን የሚያገባት አይገኝም ብዬ ፈራሁ። የጠየቀኝን ሁሉ «ወገቤን አሞኝ ነው» እለው ነበር።

ከሁሉ የባሰው የክንዴ ነገር ነው። አንዲት ዘመዴ «ብብቷ የተነካ ሴት ክንዷን ካሠራችበት ያብጥባታል» አለችኝ። ነገሩ ጨርሶ ውሸት አይደለም። በብብት ያሉት ዕጢዎች ከክንድ የሚመለሰውን ፈሳሽ የሚያሳልፉ ናቸው። እነሱ ሲወጡ ፈሳሹ መንገድ አጥቶ ክንድ ሊያብጥ ይችላል። እኔም ይህን ሰምቼ ክንዴን በነጠላ ሥር አቅፌ ተቀመጥሁ። ሊጥ አላቦካሁ፣ ዕቃ አላነሳሁ። ጥቂት ወር እንዳለፈ ክንዴ ደረቀ። አንድ ቀን የልጄን ጸጉር ልሠራ ብዬ ወደ ላይ ባነሳው እንቢ አለኝ። ያን ዕለት መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ከዚያ ኩፓት ሆሊም ቶር ነበረኝና ወደ ፊዚዮቴራፒ ሄድሁ። ሐኪሟ ክንዴን አየችና በአስተርጓሚዋ በኩል «ማን ነው እሰሪው ያለሽ?» አለችኝ። ዝም አልሁ። እሷም ከመሳቢያዋ አንድ ሥዕል አወጣች። በረጅም ጀልባ ላይ ሮዝ ልብስ የለበሱ ብዙ ሴቶች ይቀዝፋሉ። «እነዚህ ሁሉ እንዳንቺ ናቸው» አለችኝ። አላመንኋትም። በኋላ ታሪኩን በቀላል ዕብራይስጥ ከሞራችን ጋር አነበብሁት፤ ለናንተም ልንገራችሁ።

ካናዳ አገር፣ ቫንኩቨር በሚባል ከተማ፣ ዶክተር ዶን ማኬንዚ የሚባል የስፖርት ሐኪም ነበር። በዚያን ዘመን ሐኪሞችም እንደ ዘመዴ ነበር የሚናገሩት፤ ብብቷ የተቀደደች ሴት በክንዷ ከባድ ሥራ ደጋግማ አትሥራ ይሉ ነበር። እሱ ግን ይህ ነገር በደንብ ሳይፈተን የሚነገር ነው ብሎ አሰበ። ስለዚህ በ1996 እ.ኤ.አ. ከጡት ካንሰር የተረፉ 24 ሴቶችን ሰበሰበ። ለመፈተኛም ክንድን በጣም የሚያደክም ሥራ መረጠ፤ የዘንዶ ጀልባ መቅዘፍን።

ይህች ጀልባ ከቻይና የመጣች ናት፤ ከፊቷ የዘንዶ ራስ አላት። 20 ቀዛፊዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከፊት ከበሮ ይመታል፤ አንዱ ከኋላ ቆሞ ይመራል። መቅዘፊያው ሁሉ እኩል ውሃ ውስጥ ካልገባ ጀልባዋ በደንብ አትሄድም። ሴቶቹ በቀጥታ ወደ ውሃ አልገቡም። መጀመሪያ ሰውነታቸውን እያፍታቱ ጡንቻቸውን ቀስ በቀስ አጠነከሩ፤ ከዚያ ነው የቀዘፉት። ሐኪሙም ክንዳቸውን እየለካ ይከታተል ነበር። ሲያልቅ አዲስ ክንድ ያበጠባት አንድም ሴት አልተገኘችም። ይህንንም በ1998 በካናዳ ሐኪሞች መጽሔት ላይ አወጣው።

ሥራው ለአንድ ወቅት ብቻ የታሰበ ነበር። ሴቶቹ ግን አንተወውም አሉ። ዛሬ እንዲህ ያለ ቡድን በብዙ አገሮች አለ። በ2018 ፍሎረንስ በምትባል የጣልያን ከተማ በአርኖ ወንዝ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ተሰብስበው ቀዘፉ። በእንዲህ ያለ በዓል መጨረሻ ላይ ጀልባዎቹን አጠጋግተው ያቆሙና ለሞቱት ጓደኞቻቸው ሮዝ አበባ ወደ ውሃው ይጥላሉ። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እነሱ የሞተባቸውን በስም ይጠራሉ፤ እኔ ድኜ እንኳ ስሙን አልጠራም።

እኔ ያደግሁት ጣና አጠገብ ነው። እዚያ ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀዝፈው አንድ ሰው ብቻውን ነው። ሥዕሉን ሳይ እኔ በሽታዬን በታንኳ ብቻዬን ስቀዝፍ እንደ ኖርሁ ገባኝ። እነዚያ ሴቶች በጀልባው ላይ ስለ በሽታ ብዙ አያወሩም ይባላል፤ አጠገቧ የተቀመጠችው እንደሷ መሆኗን ማወቋ ይበቃታል።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሥራ ሰጠችኝ። ግድግዳ ፊት ቆሜ ጣቶቼን ወደ ላይ አስኬዳለሁ፤ የደረስሁበትን በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ምልክቱ ከትከሻዬ በታች ነበር። በሁለተኛው ወር ከራሴ በላይ ሆነ። በፋሲካ ማግስት ሊጥ አቦካሁ። ክንዴ አላበጠም። ይሁን እንጂ እህቶቼ፣ ማንም ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር፤ ክንዷ የከበዳት ወይም ያበጠባት ፈጥና ትታይ።

ያን ዕለት የጋገርሁትን እንጀራ ይዤ ወደ ጎረቤቴ ሄድሁ። ወገቤን ሳይሆን ጡቴን ታምሜ እንደ ነበር ነገርኋት። ምንም አላለችኝም። ተነሥታ በሩን ዘጋችና እጄን ይዛ ጡቷ ላይ አኖረችው። ውስጡ እንደ ሽምብራ ያለ ጠጣር ነገር አለ። «አራት ወሩ ነው» አለችኝ። ለባሏም አልነገረችም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ልጅ ሆኜ ጀምሮ እሰማ ነበር። ዳሩ ግን እኔ ስለ ደበቅሁ እሷም ደብቃለች። ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን አራት ወር ባልጠበቀች ነበር፤ ይህ ያሳዝነኛል። በማግስቱ አብረን ኩፓት ሆሊም ሄደን ለምርመራ ቶር ያዝን። ቶሩ በመጪው ሰኞ ነው፤ ምን እንደሚሉን አላውቅም፤ አብሬያት እሄዳለሁ። ይህን ስጽፍም ፈቃዷን ጠይቄ ነው።

እኛ ጀልባ የለንም። ግን በየጠዋቱ፣ ኡልፓን ሳይጀመር፣ በ12 ሰዓት ከመርካዝ ክሊታው በር ተነሥተን በአጥሩ ዙሪያ እየተራመድን ክንዳችንን እናፍታታለን። ለጊዜው ሁለት ነን። የታመመችም ያልታመመችም ትምጣ። ለምን መጣሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም።