ያልነዳነው ዙር

ከፍራንክፈርት ወደ ኮሎኝ የምንሄደው ለክርስትና ነው። የእህቴ ልጅ ይነዳል፤ እኔ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭኔ ላይ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። «ጋሼ፣ ትንሽ ወጣ ብለን የመኪና መወዳደሪያውን ኑርቡርግሪንግን ላሳይህ?» አለኝ። «ትንሽ» ያላት መንገድ ከአውራ ጎዳናው አውጥታ አይፈል ኮረብታዎች ውስጥ፣ ጥድና ጉም መሃል ከተተችን። ድፎው ገና አልቀዘቀዘም ነበርና ጉልበቴን አላበው።

የመኪና እሽቅድድም ሲባል እኔ የሚታየኝ እንደ ስታዲየም የታጠረ ሜዳ ነው። ይህኛው ግን አገር ያህላል። ሰሜናዊው ዙር ብቻውን 20.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ 73 ኩርባ አለው፤ ከዝቅተኛው ቦታ እስከ ከፍተኛው 300 ሜትር ያህል ያስወጣል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 መሥራት ሲጀመር አንዱ ምክንያት ለአካባቢው ሥራ አጦች እንጀራ ማስገኘት ነበር። «አረንጓዴው ሲኦል» የሚለውን ስም ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ነጂ ጃኪ ስቱዋርት ነው፤ በ1968 በጉምና በዝናብ ውስጥ ነድቶ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት የገባው።

የገረመኝ ሌላ ነው። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ማንም ሰው ከፍሎ፣ በገዛ መኪናው ሲኦሉን መዞር ይችላል። ሲኦሉም በሕግ ነው የሚተዳደረው፦ በነዚያ ቀናት ቦታው እንደ ማንኛውም የክፍያ መንገድ ይቆጠራል፤ አቅጣጫው አንድ፣ መቅደም በግራ ብቻ፣ ሰዓት መያዝ ክልክል። አጥሩን የገጨ የአጥሩን ብረት ይከፍላል። የእህቴ ልጅ ይህችን የመጨረሻዋን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመኪናው ዕዳ ገና አላለቀም።

ስለዚህ ሱቅ ገባን።

የንግሥ ዕለት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መሰለኝ። እዚያ ጧፍ፣ መቁጠሪያ፣ የመላእክት ሥዕል፤ እዚህ ኮፍያ፣ ቁልፍ መያዣ፣ ክብሪት ቀፎ የምታክል መኪና። በሁሉም ላይ የታተመችው አንዲት የተጣመመች መስመር ናት፤ የዙሩ ቅርጽ። ሲኒው ላይ አለች፣ ካኔተራው ላይ አለች፣ የሕፃን ልብስ እንኳ አልቀረም። ለክርስትናው ልጅ ልገዛለት አንስቼ መለስኩት፤ በተጠመቀበት ቀን ሲኦል ማልበስ ደስ አላለኝም።

ኮፍያዎቹ ጋ ስደርስ የእሽቅድድም ነጂው ኒኪ ላውዳ ትዝ አለኝ። በ1976 ባልደረቦቹን አሳምኖ እዚህ የሚደረገውን ውድድር ሊያስቀር ሞከረ፤ በድምፅ ተሸነፈ፤ በዚያው ውድድር ከነመኪናው ጋየ። ከእሳቱ ጎትተው ያወጡት አብረውት ሲወዳደሩ የነበሩ ነጂዎች ናቸው። በስድስት ሳምንቱ ቁስሉ ሳይሽር ሞንዛ ላይ ነድቶ አራተኛ ወጣ። ጠባሳውን ለመሸፈን ያጠለቃት ቀይ ኮፍያ መለያው ሆነች፤ ኩባንያዎችም ግንባሯ ላይ ስማቸውን ለማጻፍ ይከፍሉት ጀመር። ይህን እያሰቡ ኮፍያ መለካት ከበደኝና አለፍኩት።

«የዚያችን መስመር ስቲከር እንውሰድ፤ ከኋላ መስታወትህ ላይ ታምርብሃለች» አልኩ። የእህቴ ልጅ ክው አለ።

«ጋሼ፣ ሳይነዱ መለጠፍማ ነውር ነው!»

«ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ።»

ጀርመን አሳድጎታል ብዬ ዝም አልኩ። አዲስ አበባ፣ ለንደንን በሕልሙ ያላየ የሚኒባስ ሹፌር አርሴናልን ከቅዱስ ገብርኤል ጎን ይለጥፋል። «የት ታውቀዋለህ?» የሚለው የለም። እኛ የምንለጥፈው የምንወደውን ነው፤ እነሱ ዘንድ መለጠፍ እንደ መማል ያለ ነገር ነው። እኔ ለሚኒባሱ አደላለሁ። ደግሞስ ሚኒባስ ለዚህ ቦታ ባዳ ነው እንዴ? እዚሁ ያደገችው ዛቢነ ሽሚትዝ፣ የዚህን ቦታ የ24 ሰዓት ውድድር ሁለት ጊዜ ያሸነፈችው፣ በቴሌቪዥን ፊት አንድ የፎርድ ዕቃ መጫኛ ቫን ይዛ ዙሩን በአሥር ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ጨርሳዋለች። በ2021 ስታርፍ የመጀመሪያውን ኩርባ በስሟ ሰየሙላት። የመገናኛ ሾፌሮች ቢያዩዋት ተራ ይለቁላት ነበር።

በራሴ ገንዘብ ገዛኋት። ኮሎኝ ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ፣ ሰው ሁሉ ድፎውን ይጠብቅ ነበር።

ስቲከሯ አሁን አዲስ አበባ ናት። ለሰፈራችን ሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁት፤ ምንነቷን ሳይጠይቅ ከገብርኤል በታች ለጠፋት። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ወያላውን «ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ምንድናት?» አሉት። ሒሳብ ከመቀበል ቀና ሳይል፣

«ጣና ናት፣ እማማ» አላቸው።

ጠጋ ብለው አዩዋት።

«ታዲያ ደሴቶቹስ?»