ጥፋቱ ጥርሱ ላይ አልነበረም

እኛ ቤት፣ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ሁለት ነገሮች ለረጅም ጊዜ ሲያበሳጩኝ ቆይተዋል። አንዱ አብሮኝ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ነው። ሌላው የእሱ የሪሞት መኪና ነው።

ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በ2015 ዓ.ም. ወስዶ አላለፈም። ለሪሜዲያልም አልደረሰም። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እኔም ቡና ላይ ተቀምጬ ስለ ትምህርት ሥርዓቱ ውድቀት ስተነትን ነው የከረምኩት። ማታ ቤት ስገባ ግን ልጁን "ሰነፍ" እለው ነበር። የሰው ልጅ ሲወድቅ ጥፋቱ የሥርዓቱ፣ የእኔ ሲወድቅ የልጁ!

መኪናዋን እህቴ ከአሜሪካ በሰው ላከችለት። ክራውለር ይሏታል። እንደ ሌሎቹ የሪሞት መኪናዎች አትሮጥም፤ ሥራዋ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ልጁ ለኮብልስቶን የተከመረ ድንጋይ ባገኘበት ሁሉ ይዟት ይውላል። እኔ ደግሞ "የ20 ዓመት ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል" እያልኩ አንገቱን አስደፋዋለሁ።

አንድ ቀን መሪዋ እምቢ አለ። የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ሰርቮ የሚባል፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ዕቃ ነው። ሱቅ ወሰድነው። ባለሱቁ ሳይከፍተው "ይሄ አይጠገንም፣ ሌላ ግዙ" አለን። ገዛሁ። በጥቂት ወር ውስጥ ሁለተኛውም የተቃጠለ ሽታ ሸቶ ቆመ። ይህ የሆነው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፎ ነበርና ዋጋውን ስጠይቅ ዝም ብዬ ወጣሁ። "በቃ፣ አንተ የነካኸው ሁሉ ይበላሻል" አልኩት። ከአፌ ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው።

ልጁ አልመለሰልኝም። ካቻቢቴና ካውያ ተውሶ መጣ፣ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከፈታቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠራኝ። "ጋሼ፣ አንዴ ይዩት።"

ሰርቮ ውስጡ አራት ነገር ነው፦ ትንሽ ሞተር፣ ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበቱን የሚጨምሩ ጥርሶች፣ ዘንጉ የት እንደደረሰ የሚለካ ተለዋዋጭ ሬዚስተር፣ እና ሁሉንም የሚያዝ ካርድ። ከሪሞቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ምልክት ይመጣለታል። ምልክቱ 1.5 ሚሊሰከንድ ከቆየ መሃል ቁም ማለት ነው። ወደ 1 ሲያጥር በአንድ ጎን፣ ወደ 2 ሲረዝም በሌላ ጎን ይዞራል። ካርዱ የታዘዘውንና የደረሰበትን ያስተያያል። እስኪገጣጠሙ ድረስ ሞተሩን መግፋት አያቆምም።

ልጁ "ችግሩ እዚህ ላይ ነው" አለኝ። ጎማው መዞር የሚችለውን ያህል ዞሮ ቢቆምም፣ ወይም ድንጋይ ቢይዘው፣ ሰርቮው ያንን አያውቅም። ያልደረሰበትን ቦታ እያሰበ ይገፋል። እንደ ኤምጂ996አር ያለው የተለመደ ሰርቮ በ6 ቮልት ሲታገድ እስከ 2.5 አምፔር ይስባል። ያኔ ወይ ጥርስ ይረግፋል፣ ወይ ሞተር ይቃጠላል። የመጀመሪያው ጥርሱ ረግፎ ሞተሩ ደህና ነበር። የሁለተኛው ሞተር ተቃጥሎ ጥርሶቹ ደህና ነበሩ። ዓይነታቸው አንድ ስለሆነ ከሁለቱ ሙታን አንድ ሕያው ሠራ። የጥርሶቹን አደራደር እንዳይረሳ ከመፍታቱ በፊት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነበር። አሮጌውን ግራሶ በአልኮል ጠርጎ አዲስ በስሱ ቀባ። የመሪውን ክንድ የገጠመውም ሪሞቱን ከፍቶ ዘንጉን መሃል ካስቆመ በኋላ ነው።

ዋናው ሥራ ግን ሰርቮው ውስጥ አልነበረም። ሪሞቱ ላይ መሪው እስከ የት እንዲዞር እንደሚታዘዝ የሚወስን ማስተካከያ አለ። መኪናዋ ከመጣች ጀምሮ ትእዛዙ ጎማው ከሚችለው በላይ ነበር። ልጁ ቀነሰው። "ይሄን ሳናስተካክል ሦስተኛ ብንገዛም ያው ይሰበር ነበር፣ ጋሼ" አለኝ። ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መኪናዋ እስካሁን አልቆመችም።

እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተሰበረውን ጥርስ እየከሰስኩ ትእዛዙን አንድም ቀን ያላየሁት እኔ ነኝ። ቤተ ሙከራ በሌለው ክፍል ተምሮ፣ ቤተ ሙከራን በሚያውቅ ፈተና ተፈትኖ የወደቀን ልጅ "ሰነፍ" ማለትም ያው ነው። አትሳሳቱ፣ ፈተናው ይቅለል እያልኩ አይደለም። ኩረጃ መቆሙ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከ100 ተፈታኝ 97 ያህሉ ሲወድቅ የረገፈውን ጥርስ መቁጠር ብቻውን ጥገና አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪናው በየከተማው እየበዛ ነው። የእነዚያ መኪናዎች መሪም የሚታገዘው በሞተር፣ በጥርስ፣ በመለኪያና በካርድ ነው። ሲበላሽ "ሌላ ግዙ" የሚል ባለሱቅ አያዋጣንም፤ ለሌላው የሚሆን ዶላር ከየት ይመጣል? ከፍቶ የሚያይ ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው ምናልባት አሁን በየቤቱ "ወዳቂ" ተብሎ አንገቱን የደፋው ልጅ ነው።

የወንድሜ ልጅ ቀድሞ ቴክኒክና ሙያ ልግባ ሲለኝ "እዚያ የሚገባው ሌላ ያጣ ነው" ብዬ የከለከልኩት እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ኤሌክትሮኒክስ ተመዝግቧል። የከፈልኩለት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ግን እስካሁን አልጠየቅኩትም። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላደግኩም። ይህን ጽሑፍ እንደሚያነበው አውቃለሁ። ልጄ፣ ይቅር በለኝ።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ ሳትከፍቱት "አይጠገንም" ያላችሁት አለ?