ገዢው እኛ፣ ወርሃዊ ከፋይዋ እናታችን

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጎንደር ላይ ለእናቱ ወይም ለእህቱ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ለቅሶ ቤትም ሆነ ክርስትና ላይ ስንገናኝ ወሬው እሱ ነው፤ ስንት ካሬ ነው፣ ካርታው ንጹሕ ነው ወይ፣ ማራኪ ይሻላል ወይስ አዘዞ፣ ደላላው ይታመናል ወይ። ቤቱ ከተገዛ በኋላ በየወሩ ስንት ይበላል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ያው ሰው እዚህ ሜሪላንድ ለራሱ ሲገዛ ይህን ጥያቄ ሳያነሳ አይፈርምም። ይህን ልዩነት ማንሳት የፈለግሁት ጣጣው በእኛ ላይ ሳይሆን አገር ቤት ባሉ ሽማግሌ ወላጆቻችን ላይ ስለሚያርፍ ነው።

እዚህ ወረቀቱ ይናገራል

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጥር 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለው። ቤቱን የሚሸጥ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ያለፉትን 12 ወራት የኤሌክትሪክ፣ የጋዝና የማሞቂያ ዘይት ደረሰኞች፣ ወይም ፍጆታውንና ወጪውን የሚያሳይ ዝርዝር ለገዢው መስጠት አለበት። ወረቀቱ ለዓይን የሚስብ ነገር የለውም፤ አሥራ ሁለት መስመር ቁጥር ነው። ግን ላነበበው ሰው የቤቱን ጠባይ ይነግረዋል። በታኅሣሥና በጥር ብርድ የጋዙ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ደግሞ በማቀዝቀዣው ምክንያት ኤሌክትሪኩ ይንራል። የብርዱ ወራት ቁጥር ከመጠን በላይ ከሆነ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፣ ጣሪያው ሙቀት አይይዝም፣ ወይም ማሞቂያው አርጅቷል ማለት ነው። ገዢው ይህን ይዞ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ወይም ቤቱን ትቶ ይሄዳል።

ወረቀቱ ሁሉን ነገር አይናገርም። ሁለት አዛውንት ይኖሩበት የነበረ ቤት ስድስት ነፍስ ሲገባበት ሂሳቡ ይለወጣል። ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ከነበረ ደግሞ የሚቀርብ ቁጥር አይኖርም። በአዳዲስ ሰፈሮችም ቤት ሠሪው ለዘረጋው የውሃና የፍሳሽ መስመር ነዋሪው ለዓመታት የሚከፍለው ሌላ ክፍያ ሊኖር ይችላል። ባንኩም ብድር ሲፈቅድ የሚቆጥረው የብድሩን ክፍያ፣ ግብሩንና ኢንሹራንሱን ነው፤ መብራቱንና ጋዙን ገዢው ራሱ ማስላት አለበት። ቢሆንም መነሻ የሚሆን ቁጥር አለ። ከሁሉም በላይ የሚፈርመውና በየወሩ የሚከፍለው ያው ሰው ነው። ስሌቱን ቢተወው የሚጎዳው ራሱ ነው።

ጎንደር ላይ ትልቁ ወጪ ደረሰኝ የለውም

ጎንደር ላይ ሻጩን የአሥራ ሁለት ወር ደረሰኝ አምጣ የሚል ሕግ አላውቅም። ቢያመጣም ከጉዳዩ የሚነግረን ጥቂቱን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የቧንቧው ውሃ ስለማይቋረጥ ሂሳቡ በሙሉ ደረሰኙ ላይ ይሰፍራል። ጎንደር ላይ ግን ቤተሰቡን የሚያስወጣው ቆጣሪው የቆጠረው ሳይሆን ቆጣሪው ሳይቆጥር የቀረው ነው፤ ውሃ ሳይመጣ ሲቀር የሚገዛው ጀሪካን፣ መብራት ሲጠፋ የሚነደው ከሰል።

የከተማዋ የውሃ ችግር የቆየ ነው። ዋናው ምንጭ የሆነው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ የሚይዘው ውሃ ቀንሷል፤ ነዋሪው ግን እየበዛ ሄዷል። ለመስኖም ለከተማዋ መጠጥም ይሆናል ተብሎ የተጀመረው የመገጭ ግድብ ለዓመታት ተጓቷል። ስለዚህ ውሃው የሚደርሰው በፈረቃ ነው። ከተማዋ ኮረብታና ቁልቁለት ስለሆነች ደግሞ ፈረቃው ለሁሉም እኩል አይደርስም። ዝቅ ያለው ሰፈር ሲሞላ ከፍ ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ያፏጫል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ አንደኛ ፎቅ የሚወጣው ውሃ አራተኛ ፎቅ ላይወጣ ይችላል።

አንድ ጊዜ ለዘመድ ቤት ለማየት ወደ አንድ ግቢ ገብቼ ነበር። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ሳሎኑ ሰፊ። ደላላው ክፍሎቹን ሲያሳየኝ ዓይኔ ያረፈው ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር በተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ላይ ነበር። አንገታቸው ላይ በገመድ ታስረዋል፤ ግማሾቹ ክዳናቸው በላስቲክ ተጠቅልሏል። ሮቶው በብረት መቆሚያው ላይ ነው፤ መትቼ ሳዳምጠው ባዶ ነበር። ወጥቼ ከአጥሩ ማዶ ቡና የሚለቅሙ እናት ጋ ቀረብኩና ሰላምታ አቅርቤ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ እዚህ ሰፈር ውሃ በስንት ቀን ትመጣለች?»

«አይ ልጄ፣ እሷ ከመጣች መቼ ይተኛል? ሌሊት ነው እምትመጣው። ካላደሩባት ታልፋለች።»

ደላላው አንድ ሰዓት ሙሉ ያልነገረኝን እሳቸው በአንድ አፍታ ጨረሱት። ሌሊት ተነስቶ ጎማ ዘርግቶ የሚሞላ ጉልበት ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ከሌለ ሮቶው ባዶውን ያድራል። የሰባ ዓመት እናት ብቻዋን ለምትኖርበት ቤት ይህ ከሴራሚኩ ይልቅ ዋና ነገር ነው።

የውሃውን ሂሳብ እንሥራው

ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው አለ እንበል። አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢበቃው ለአምስቱ 200 ሊትር ነው፤ በወር 6000 ሊትር፣ ማለትም 6 ሜትር ኩብ። ይህ በቧንቧ ቢመጣ ሂሳቡ ማንንም አያስጨንቅም። አሁን ውሃው በ10 ቀን አንዴ ይመጣል እንበል። በቀን 200 ሊትር ለ10 ቀን 2000 ሊትር ስለሚሆን አንድ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። በ20 ቀን አንዴ ከሆነ ግን ያው ሮቶ በ10ኛው ቀን ያልቃል። የቀረው 10 ቀን 2000 ሊትር ይጎድለዋል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 100 ጀሪካን ማለት ነው። በጋሪም በባጃጅም የሚመጣው አንድ ጀሪካን ለስሌት ያህል በ20 ብር ቢያዝ በአንድ ዙር 2000 ብር፣ በወር 3000 ብር ገደማ ይወጣል። የጀሪካኑ ዋጋ እንደ ሰፈሩና እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ በዚያ ሳምንት ስንት እንደሚሸጥ ጎረቤት ጠይቃችሁ በ20 ብሩ ቦታ ተኩት።

ሌላ ሮቶ መግዛት፣ መቆሚያ ማሠራት፣ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ማስገባት አንዴ የሚወጣ ትልቅ ወጪ ነው፤ ግን ወርሃዊውን ይቀንሳል። ክረምቱም ይረዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 800 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳው ደህና ከሆነና ወደ ሮቶ ከተገናኘ ከሰኔ እስከ መስከረም የልብስና የወለል ውሃ አይገዛም። ስለዚህ ቤት ስናይ ቀና ብለን አሸንዳውንም እንመልከት።

መብራቱ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ታሪፍ በፍጆታ መጠን ደረጃ የወጣለት ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋም ከፍ ይላል። በ2011 የተጀመረ የአራት ዓመት ጭማሪ ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ መጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረትም በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመርበታል። የአምናው ደረሰኝ የዘንድሮውን አይነግርም፤ የሚያዋጣው ፍጆታውን በኪሎዋት ሰዓት ማወቅና በወቅቱ ታሪፍ ማባዛት ነው።

ፍጆታውን ማስላት አይከብድም። ኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በሳምንት ሁለቴ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከተጋገረ በአራት ሳምንት 56 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፍሪጁ በቀን አንድ ቢበላ 30። ባለ 1.5 ኪሎዋት ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት 45። አምፖሎቹ 9፣ የውሃ ፓምፑ 11 ገደማ። ድምሩ 151 ነው። ባለ 1.5 ኪሎዋት ቦይለር በቀን አንድ ሰዓት ከሠራ 45 ይጨምርና 196 ይደርሳል፤ ከታክሱ ወሰን ጫፍ ላይ ነን። እኛ ልጆቿ «እናታችን በሙቅ ውሃ ትታጠብ» ብለን የምናስገባው ቦይለር ሂሳቡን ወዴት እንደሚወስደው አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ከፍጆታው ይልቅ የቆጣሪው ጉዳይ የባሰ ሊሆን ይችላል። ቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው ወይስ ከጎረቤት ነው የሚስበው? ካርድ ነው ወይስ በወር የሚነበብ? በማን ስም ነው? ያልተከፈለ ዕዳ አለበት? ከጎረቤት የሚስብ ቤት ሂሳቡን ባለ ቆጣሪው በመሰለው ያካፍለዋል፤ አዲስ ቆጣሪ ማስገባትም ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። መብራት በሚጠፋባቸው ቀኖችም ቤቱ ከሰልና እንጨት ይገዛል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሁለቱም ይወደዳሉ። ስለዚህ ከደረሰኙ ጎን የአንድ ወር ከሰል ይመዝገብ።

ከደባርቅና ከዳባት ስናመጣቸው

ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን ከደጋው አውርደን ጎንደር ከተማ ማስቀመጥ እንፈልጋለን፤ ለሐኪምም ይቀርባል፣ እኛም ስንመጣ ይቀለናል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ደባርቅ፣ ዳባት ወይም አምባ ጊዮርጊስ ዙሪያ ገጠር የኖሩ ሰዎች ሲመጡ ኑሯቸው ከሥሩ ይለወጣል። ደባርቅ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ቤቱን የሚያሞቀው ግን የሚከፈልበት ነገር አይደለም። እንጨቱ ከራስ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፣ ኩበቱ ከራስ በረት ይጋገራል፣ ውሃው ከምንጭ ይቀዳል። ድካሙ ከባድ ነው፤ ገንዘብ ግን አይጠይቅም። ከተማ ሲገቡ ይህ ሁሉ በብር ይሆናል። ውሃው፣ ማገዶው፣ የቆሻሻ ማንሻው፣ ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ የሚመጣው መጣጭ መኪና፣ ሁሉም እጅ ይዘረጋል።

እናቶቻችን ደግሞ አይነግሩንም። ስንደውል «ደህና ነን፣ ምን ጎደለን» ይላሉ። ለስኳርና ለመድኃኒት ብለን የላክነው ገንዘብ ለጀሪካን እንደሚወጣ የምንሰማው ከሌላ ሰው ነው። በስማችን ቤት ገዝተን በወጪው እነሱን ማስጨነቅ አይገባንም።

መቼ ነው የሚታየው?

ዲያስፖራው ጎንደርን የሚያየው በሁለት ወቅት ነው፤ በጥር ለጥምቀት፣ ወይም ልጆች ትምህርት ሲዘጉ በክረምት። በክረምት ዝናቡ ሮቶውን ይሞላል፤ በጥር ድርቁ ገና አልበረታም። ውሃ ከምንም በላይ የሚቸግረው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ እኛ አገር ውስጥ የለንም። ስለዚህ ቤቱን በጥር ካያችሁት የምትጠይቁት ስለ ግንቦት ይሁን። ከተቻለም ውሉ ከመፈረሙ በፊት የምታምኑት ዘመድ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ግቢውን ይየው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገንዘብ ከመላኩ በፊት እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያግኙ፦

- ባለፈው ግንቦት ውሃ በስንት ቀን መጣ? ቀን ነው ወይስ ሌሊት? መልሱን ከሻጩ ብቻ ሳይሆን ከሁለት ጎረቤት ስሙ።
- ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል? ለስንት ሰው፣ ለስንት ቀን ይበቃል?
- አንድ ጀሪካን ዛሬ ስንት ነው? የውሃ ቦቴ መኪና ግቢው በር ድረስ ይገባል?
- የመብራትም የውሃም ቆጣሪ የራሱ ነው? ያለፉት ወራት ደረሰኞች አሉ? ዕዳው ተጣርቷል?
- ሴፕቲክ ታንኩ መቼ ተመጠጠ? መጣጭ መኪናው ይደርሳል?
- በወር ስንት ማዳበሪያ ከሰል ይነዳል?
- ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለጋራ መብራት በወር ስንት ይዋጣል?

ውሉ ላይም አንድ መስመር እናስገባ፤ እስከ ርክክቡ ቀን ያለው የመብራትና የውሃ ዕዳ በሻጩ እንደሚከፈል፣ ቆጣሪዎቹንም በገዢው ስም ለማዛወር ሻጩ እንደሚተባበር። የሞንትጎመሪ ሕግ ጎንደር እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ገዢ ከጠየቀ ሻጭ ይመልሳል። ብዙዎቻችን ከጠየቅን ደላላውም ሳይጠየቅ መናገር ይጀምራል።

የምትገዙበትን ገንዘብ ስትቆጥሩ የአንድ ዓመቱን ወርሃዊ ወጪ ለብቻው አስቀምጡ። ካልበቃ ሳሎኑን አሳንሱና ውሃ ወደሚደርስበት ሰፈር ውረዱ። ሁለት ቤት ቀርቦላችሁ ርካሹ ኮረብታው ላይ ያለው ከሆነ የጀሪካኑን ሂሳብ ለአምስት ዓመት አባዙት። በወር 3000 ብር 180,000 ብር ይሆናል። ይህን ዋጋው ላይ ደምሩት፤ ሌሊት ተነስቶ የሚሞላው ማን እንደሆነም ጠይቁ። ከዚያ በኋላም ርካሽ ከሆነ ግዙት።