የመጨረሻዋ ቁራጭ

ባለፈው ወር ለሥራ ዱባይ ስሄድ እቴቴን እራት ጋበዝኳት። የኮሌጅ ክፍያዬን ከደመወዟ እየቀነሰች የላከችልኝ ታላቅ እህቴ ናት።

የጃፓንንና የፔሩን አበሳሰል ያዋሃደ ሬስቶራንት ነው የወሰድኳት። ይህን ጣዕም በዓለም ካስተዋወቁት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ከጃፓን ሊማ ሄዶ የሠራው ሼፍ ኖቡ ማትሱሂሳ ነው። ምግቡ እንደኛው ማዕድ መሃል ይቀመጣል፤ ሳህኑ ግን ትንሽ ነው። ሚሶ በሚባል የአኩሪ አተር ድልህ ተለውሶ የተጠበሰው ዓሣ ሲመጣ፣ አንድ ቀምሳ ወደ እኔ ገፋችው።

«ጠግቤአለሁ፣ አንቺ ብዪ።»

ልጅ ሳለሁም እንዲሁ ትለኝ ነበር። ያኔ አምናት ነበር።

የመጨረሻዋን ቁራጭ በቾፕስቲክ አንስቼ ዘረጋሁላት። በቾፕስቲኳ ልትቀበለኝ ስትል ግን ያነበብኩት ትዝ አለኝ፤ በጃፓን እንዲህ መቀባበል ነውር ነው፣ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱን የሚቀባበሉት እንደዚያ ነውና። ቾፕስቲኩን አስቀምጬ በእጄ አጎረስኳት።

«አንድ ያጣላል!» ብላ ሳቀች። ሌላ ሳህን አዘዝኩ።

እናንተም እንዲህ ያለ ቤት ስትገቡ በሁለት ሦስት ሳህን ጀምሩ፤ ካነሰ ይጨመራል። ቀድሞ «ጠግቤአለሁ» የሚለውን ሰው ግን አትመኑት።