ቡዳፔስት ላይ ማንም ያልሳቀለት ቀልድ

ስለ ሃንጋሪ ስጽፍላችሁ ስለ ዳኑብ ወንዝ ውበት ብቻ ብተርክ ደስ ባለኝ። በእርግጥም ውብ ነው። በአንድ በኩል ኮረብታማው ቡዳ፣ በሌላው በኩል ሜዳማው ፔስት ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከኦቡዳ ጋር አንድ ከተማ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በእኔ ልብ ውስጥ የቀረው ግን በአንድ የስብሰባ ክፍል የሰማሁት ዝምታ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከባለቤቴ ጋር ወደዚያ የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። በቤተ ክርስቲያናችን አካባቢ ጥጥ እየፈተሉ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ 14 እናቶች አሉ። ከፈትላቸው ለሚሠራው የአንገት ልብስ ገዢ እንፈልግ ነበር። ባለቤቴ መጋቢ ነው፤ ስብከት እንጂ የዋጋ ዝርዝር አይሆንለትም። ስለዚህ በነጋዴዎች ፊት ቆሞ ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፤ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ወደ ሃንጋሪኛ ይመልሱልኛል። ቋንቋቸው የጎረቤቶቻቸውን የጀርመኖችንም ሆነ የስላቮችን አይመስልም፤ ዘመዶቹ ራቅ ብለው ያሉት ፊንላንድኛና ኤስቶኒያኛ ናቸው።

አጀማመሬ ጥሩ ነበር። ሃንጋሪዎች የቤተሰብን ስም ያስቀድማሉ፤ ኮሹት ላዮሽ ሲሉ ኮሹት የቤተሰቡ ስም ነው፤ በአክብሮት ሲጠሩም በእርሱ ይጠራሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ በሀገሬ ልማድ «አቶ» ብዬ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ስም ስጠራ ትክክል ሆኖ ተገኘ! ፊታቸው ፈካ። ይህ ደፋር አደረገኝና ያዘጋጀሁትን ቀልድ አወጣሁ።

«ስለ ጥራት ቁጥጥራችን አትስጉ፤ ባለቤቴን አላስገባነውም። በሠርጋችን ቀን በአንድ እግሩ ጥቁር፣ በሌላው ሰማያዊ ካልሲ አድርጎ የመጣ ሰው ነው» አልኩ።

መምህርቷ ተረጎሙት። ማንም አልሳቀም። በክፍሉ ያሉት ሰዎች ሁሉ በአንድነት የባለቤቴን እግር ተመለከቱ። አንዱ ጎልማሳ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ከዚያ ጥያቄው ወረደ፦ ቀለሙ ሲታጠብ ይለቃል ወይ? ወርዱ ሁሉም ላይ እኩል ነው ወይ? ከትእዛዝ እስከ ርክክብ ስንት ቀን ይፈጃል? ሁሉንም ሳልመልስ ሰዓቱ አለቀ። ያለ ትእዛዝ ወጣን።

መምህርቷ ቡና ጋበዙን። «ልጄ፣ እኛ ቀልድ አንጠላም» አሉኝ። «የምንስቀው ግን በራሳችን ላይ ነው። አንቺ የሳቅሽው እዚያው ተቀምጦ መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ ነው። ደግሞ መጀመሪያ ቁጥሩን ንገሪን፤ ሳቁ በኋላ ይደርሳል።»

ብዙ አጫወቱን። በሶሻሊስቱ ዘመን ሰው በአደባባይ የማይለውን በቤቱ ጓዳ በቀልድ ይለው እንደነበር፣ የሃንጋሪ ሰው እያለቀሰ ይደሰታል የሚል አባባል እንዳላቸው ነገሩን። ብሔራዊ መዝሙራቸው እንኳ ጸሎት ነው፤ ኮልቸይ ፈረንትስ እ.ኤ.አ. በ1823 የጻፈው፣ የዘመናትን መከራ እያሰበ የእግዚአብሔርን ምሕረት የሚለምን ጸሎት። እንግዳ የማይቀልድባቸው ቁስሎችም አሉ፦ ሁለት ሦስተኛ ያህል ግዛታቸውን ያጡበት የ1920ው የትሪያኖን ውል፣ በሶቪየት ታንኮች የተደፈጠጠው የ1956ቱ አመፅ። በ1849 አራድ ላይ 13 ጄኔራሎቻቸው ሲገደሉ ኦስትሪያውያን የቢራ ብርጭቆ አጋጭተዋል ስለሚባል፣ እስከ ዛሬ ቢራ ሲጠጡ ብርጭቆ የማያጋጩ አሉ። (በዚህ በኩል እኛ የምናሳዝነው ሰው አልነበረም!) ቡዳፔስትን ቡካሬስት ብሎ መሳሳት ደግሞ ቀልድም ስሕተትም ሆኖ ሰልችቷቸዋል።

በማግስቱ ወደ ደብረትሰን በባቡር ተሳፈርን። የተነሣንበት የኒዩጋቲ ጣቢያ በ1877 የተከፈተ፣ የኤፍል ማማን የሠራው የኤፍል ድርጅት ያነጸው ነው። ከከተማው ከወጣን በኋላ ምድሩ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው፤ ኮረብታ ለለመደ የአበሻ ዓይን ያስጨንቃል። ባለቤቴ እስከ ሶልኖክ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። የቲሳን ወንዝ ስንሻገር፣

«ስለ ካልሲው ለባዕድ ሰው መንገር ነበረብሽ?» አለኝ።

«ስለ ዶሮዋስ?» አልኩት።

እዚህ ላይ ማብራራት አለብኝ። ባለቤቴ ሙሽሮችን ባስተማረ ቁጥር በተጋባን ዓመት ያሳረርኩትን ዶሮ ወጥ ያነሣል፦ «ያቺ ዶሮ ሁለት ጊዜ ሞተች፤ አንዴ በቢላዋ፣ አንዴ በባለቤቴ እጅ።» ጉባኤው ይስቃል። እኔም ከፊት ወንበር 17 ዓመት ሙሉ ፈገግ ብያለሁ። ምሳሌ 26 ባልንጀራውን አታልሎ «ቀልዴን ነው» የሚለውን ሰው እሳት ከሚወረውር እብድ ጋር ያወዳድረዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ክፍል ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ስለ ባልና ሚስት አስቤው ግን አላውቅም ነበር።

«ያምሽ ነበር?» አለኝ።

«በየሠርጉ» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም፤ እጄን ያዘኝ። ወደ ደብረትሰን እስክንደርስ ድረስ የዋጋ ዝርዝሩን አብረን አስተካከልን።

ደብረትሰን «የካልቪን ሮም» የምትባል ከተማ ናት። የተሐድሶ ኮሌጇ ከ1538 ጀምሮ ያስተማረ ሲሆን፣ ኮልቸይም እዚያ ተምሯል። በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮሹት በ1849 የሃንጋሪን ነጻነት አውጇል። ምእመናኑ ሰላምታ ሲለዋወጡ «በረከት፣ ሰላም» ይባባላሉ። እኛም በእንግድነት የተቀበሉን በዚሁ ቃል ነበር።

በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከቁጥሩ ጀመርኩ፦ ወርድ፣ ዋጋ፣ ቀን። ቀለሙ እንደማይለቅ ለማሳየት አንዱን በውኃ ነከርኩት። ሲያበቃ፣ «ትናንት ቡዳፔስት ላይ ቀልድ ተናግሬ ነበር፤ አንድም ሰው አልሳቀም። የባለቤቴን እግር ብቻ አዩ። ዛሬ ይኸው፣ ሁለቱም ካልሲዎች ጥቁር ናቸው፤ እኔው ነኝ የመረጥኩለት» አልኩ። ባለቤቴ ቀድሞ ነግሬው ስለነበር ሱሪውን ከፍ አደረገ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ! ከፊት የተቀመጡ አዛውንት እንባቸውን ጠረጉ፤ መምህርቷም ትርጉማቸውን መጨረስ አቃታቸው።

የታዘዘልን 60 የአንገት ልብስ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ለ14ቱ እናቶች ግን የመጀመሪያው ነው።

ከተመለስን በኋላ በነበረው ሠርግ ባለቤቴ «ያቺ ዶሮ...» ብሎ ጀመረና ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያም «ከሰሉን ያበዛሁት እኔ ነበርኩ» አለ።

እውነቱም እርሱ ነው።