ደረቁ ወንዝ

ሰው ከደረሰበት ይማራል ይባላል፡፡ እኔ ግን አንድ ጊዜ ደርሶብኝ ሳልማር ቀርቼ ሁለተኛ ጊዜ የተመታሁ ሰው ነኝ፡፡ ይህን በወገኖቼ ፊት መናገር ያሳፍራል፤ ቢሆንም ዝናቡ ሳይጀምር ብናገረው ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ፡፡

ድሬዳዋን የምታውቁ ደቻቱን ታውቃላችሁ፡፡ ከዚራንና መጋላን የሚለያይ አሸዋ ነው፡፡ በደረቁ ወራት ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፡፡ ወንዝ የምንለው ለስሙ ያህል ነበር፡፡ የተከራየኋት ክፍል ከዳሩ ብዙም አትርቅም፡፡ በግቢያችን ዝቅ ባለው ጥግ ቆሎ እየቆሉ ጉሊት የሚሸጡ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር፤ እማማ እንላቸው ነበር፡፡ ቡና ባፈሉ ቁጥር እኔን ሳይጠሩ ቀርተው አያውቁም፡፡

በ1998 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2006) ሐምሌ 29 ቅዳሜ ሌሊት፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከደጋው በኩል የዘነበው ውሃ ከተራራው ተንደርድሮ ወረደ፡፡ ከእንቅልፌ የነቃሁት በድምፁ ነው፡፡ የድሬ ልጅ ነኝና የዕቃ ባቡር መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፡፡ ዳግመኛ ስነቃ አልጋዬ ርሶ ነበር፡፡ አጥሩን ዘልዬ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጣሁ፡፡ እማማ ትዝ ያሉኝ ጣሪያው ላይ ሆኜ ነው፡፡ ከበሬ እስከ በራቸው አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር፡፡ በማግስቱ ከአሸዋው ውስጥ አወጣናቸው፡፡ በዚያች ሌሊት በከተማይቱ ከ200 የሚበልጥ ሰው አለቀ፤ ብዙው በተኛበት ነው የተወሰደው፡፡

ከዚያ በኋላ ያለው የስደት ታሪክ የሁላችንም ስለሆነ አልደግመውም፡፡ ካኩማ ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ታራች ነው፡፡ ያው አሸዋ፣ ያው ዳሩ ላይ የተደረደረ ቤት፣ ያው ኳስ የሚጫወት ልጅ፡፡ ሆዴ ቡጭ አለ፡፡ ነገር ግን ፀሐዩ ሲከርም፣ አቧራው ሲበረታ፣ ሰው ሁሉ ጀሪካን ይዞ ውሃ ሲጠብቅ፣ ጎርፍን ማሰብ ቅንጦት መሰለኝና ተውኩት፡፡

በ2019 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ ከልክ ያለፈበት ጊዜ ነበር፡፡ አንድ ቀን ከሰል የምታመጣልኝ የቱርካና ሴት ሸክሟን አውርዳ በአገጭዋ ወደ ሩቁ ተራራ አመለከተችኝ፡፡ ጠቁሯል፡፡ «ማጂ ይመጣል፤ ዛሬ ላጋው ውስጥ እንዳትገባ» አለችኝ፡፡ ቀና ብዬ ባይ ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው፡፡ ሳቅሁባት፡፡ እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሒሳቧን ተቀብላ ሄደች፡፡

ሌሊት ያንን ድምፅ ሰማሁ፡፡ በዚህ ጊዜ ባቡር ነው አላልኩም፤ ካኩማ ባቡር የለም፡፡ በጨለማ ድስትና ክዳኑን ይዤ ወጣሁና እያጋጨሁ የጎረቤቶቼን በር ሁሉ ደበደብኩ፡፡ የኮንጎው ሽማግሌ፣ ባለ አራት ልጆቿ ሶማሌ እናት፣ ሁሉም ወጥተው ወደ ከፍታው ሄድን፡፡ ሰው አልጠፋም፡፡ የኔ ቤት ግን ጠፋ፡፡ ከፍራሹ ሥር የነበረው የራሽን ካርዴ ከነወረቀቶቼ ሄደ፡፡ ካርዱ ከብዙ ሰልፍ በኋላ ተተካልኝ፡፡ አብሮት የነበረው የእናቴ የመጨረሻ ደብዳቤ ግን የሚተካ አይደለም፡፡ አንዲት ፌስታል ብጠቀልለው ኖሮ ዛሬም ይኖረኝ ነበር፡፡

ከዚያ በኋላ ከ2020 እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ከሸፉ፡፡ የቱርካና ከብት አለቀ፡፡ እኛም ጎርፉን እንደገና ረሳነው፡፡ የደረቅ አገር ክፋቱ ይህ ነው፤ ድርቁ ጎርፉን ያስረሳል፡፡ ፀሐይ ያደረቀውና ሣር የሌለው መሬት ግን ውሃ በቶሎ አይመጥም፤ የወረደውን ሁሉ ወደ ላጋው ይለቀዋል፡፡

የሦስት ቀን ስንቅ አስቀምጡ የሚል ምክር ሰምቼአለሁ፡፡ ራሽኑ ወሩ ሳይሞላ የሚያልቅበትን ቤት ግን አውቀዋለሁ፤ የኔም ቤት ነው፡፡ ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቀውን ብቻ ልናገር፡፡

ወረቀታችሁን በፌስታል ደራርባችሁ ጠቅልሉና በር አጠገብ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፡፡ ዱቄቱን ከመሬት አንሥታችሁ ቆጥ ላይ አውጡት፡፡ በቤታችሁ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ፤ ነገር ግን መጨረሻውን ተመልከቱ፤ የኔ ቦይ ውሃውን ወደ ጎረቤቴ በር የሚመራ ከሆነ ቦይ ሳይሆን በደል ነው፡፡ ለጭቃ ጡብ የቆፈርነውን ጉድጓድ እንድፈነው፤ ውሃ ሲሞላበት ጥልቀቱ አይታወቅም፣ ልጅም ይበላል፡፡ የሚሮጥ ውሃ ከጉልበት በታች ቢሆንም ሰው ይጥላልና አትሻገሩት፡፡ ውሃው ከሄደ በኋላም ወደ ቤት አትጣደፉ፤ ያልተተኮሰ ጡብ ከሥሩ ርሶ ቆይቶ ይናዳል፡፡ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከጎርፉ ጋር ስለሚቀላቀል የምትጠጡትን አፍሉ፡፡ ተራራው ሲጠቁር ደግሞ፣ ከላያችን ያለው ሰማይ የፈለገውን ይምሰል፣ ልጆችን ከላጋው ጥሩ፡፡

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ እኔ የጮኽኩት ዘግይቼ ነው፡፡ ለእማማ አልደረስኩም፡፡ አሁን ግን በእኛ መደዳ ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ ተነጋግረን ጨርሰናል፡፡ ለኮንጎው ሽማግሌ ጆሮአቸው ስለከበደ እኔ ገብቼ እጃቸውን እይዛለሁ፤ ለኔ ደግሞ ሶማሌዋ ታንኳኳለች፡፡ ከሰል ሻጯን አሁን በመጣች ቁጥር ውሃ አቅርቤ ስለ ተራራው እጠይቃታለሁ፡፡

ይህን ያነበባችሁ ወረቀቱን ለሚቀጥለው ቤት ከማሳለፋችሁ በፊት፣ ከበራችሁ እስከ ጎረቤታችሁ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠሩ፡፡